ነጩ በረሮ የትኛው ዝርያ ነው? ቅርፊትና ቆዳ ስለሚቀይሩ እንስሳት የተደረገ ውይይት

የመነሻ ጽሑፍ

ማታ የወጥ ቤት መብራት ሲበራ ከምድጃ ሥር የሚሸሸውን ቡናማ በረሮ የማያውቅ የለም። አንዳንድ ጊዜ ግን ከመካከላቸው ሁለመናው ነጭ፣ ዓይኑ ብቻ የጠቆረ አንድ በረሮ ይታያል። ስለዚህ በረሮ የሚወራው ብዙ ነው፤ መርዝ የነካው ነው የሚል አለ፣ ከውጭ በዕቃ ውስጥ የገባ አዲስ ዝርያ ነው የሚል አለ፣ መልካም ምልክት አይደለም ብሎ የሚፈራም አለ። እኔ የምለው ነጩ በረሮ ያው የምናውቀው በረሮ ነው። የጠበበውን አሮጌ ቅርፊት ጥሎ ገና መውጣቱ ነው፤ አዲሱ እስኪጠነክርና እስኪጠቁር ድረስ ነጭ ሆኖ ይቆያል።

ጥያቄዬ ከዚህ ይቀጥላል። ይህ የበረሮው ነገር እባብ ቆዳውን ከሚቀይርበት ጋር አንድ ነው ወይስ የሚመሳሰሉት ከሩቅ ሲታዩ ብቻ ነው? ሸረሪቱስ? ጊንጡስ? መዥገሩስ? ያየ ያየውን፣ የተማረም የተማረውን ይጻፍ ብዬ ውይይቱን ከፈትሁ። መልሶቹ ሲበዙ ዘግይቶ የሚመጣ አንባቢ እንዳይቸገር በተራ ቁጥራቸው አሰባስቤ አቅርቤያቸዋለሁ፤ የራሴንም አስተያየት በየመሐሉ አስገብቻለሁ።

መልስ 1፦ የመጀመሪያዋ መላሽ ሰላምታዋን አስቀድማ ነገሩን በዓይኗ ማየቷን ጻፈች። የዱቄት ዕቃ ስታነሳ ነጩን በረሮ አገኘችው፤ አጠገቡ ጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ባዶ ቅርፊት ወድቋል። ቅርፊቱ እግሩ ከነእሾሁ፣ የአንቴናው ሽፋንም ሳይቀር ሙሉ ነበር። ለማወቅ ጓጉታ ሁለቱንም በብርጭቆ ከደነቻቸው። ጠዋት ስትመለስ ነጭ የሚባል ነገር የለም፤ ብርጭቆው ሥር ያለው ተራ ቡናማ በረሮ ነው፤ ባዶው ቅርፊትም ተበልቶ ጥቂት ስብርባሪ ብቻ ቀርቷል። ስለ ዝርያ የሚነሳውን ክርክር ይህች እህት ገና በመጀመሪያው መልስ ዘጋችው።

መልስ 2፦ የባዮሎጂ መምህር መሆኑን የገለጸ ሰው ምክንያቱን አብራራ። ነፍሳት እንደ እኛ ውስጣዊ አጥንት የላቸውም፤ አካላቸውን የሚደግፈው ውጫዊው ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ካይቲን ከሚባል ቁስና ከፕሮቲን የተሠራ፣ ሕይወት የሌለው ሽፋን ስለሆነ ባለቤቱ ሲያድግ አብሮ አያድግም። ስለዚህ ከሥሩ ያሉት ሕያዋን ሕዋሳት በመጀመሪያ ከአሮጌው ይላቀቁና ለስላሳና የተጨማደደ አዲስ ቅርፊት መሥራት ይጀምራሉ። ቀጥሎ በሁለቱ መካከል የሚፈስ ፈሳሽ የአሮጌውን ውስጠኛ ክፍል ያሟሟል፤ የሟሟውንም ነፍሳቱ መልሶ ይመጠዋል፤ በከንቱ የሚጥለው ነገር ትንሽ ነው። መጨረሻ ላይ አየር ወይም ውኃ ውጦ ሰውነቱን ይነፋል፤ አሮጌው ቅርፊት አስቀድሞ በተዘጋጀለት ቀጭን መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ቡናማው ቀለም የሚመጣው አዲሱን ቅርፊት የሚያጠነክረው ኬሚካላዊ ለውጥ ሲካሄድ ነው። ጥንካሬውና ቀለሙ አብረው የሚመጡትም ለዚህ ነው።

መልስ 3፦ ሦስተኛው ሰው ትንሽ ቆጣ ብሎ መምህሩ ዋናውን አስደናቂ ነገር እንደዘለለው ጻፈ። ነፍሳት የሚቀይሩት የውጭ ልብሳቸውን ብቻ አይደለም። በአካላቸው ውስጥ ተዘርግተው አየር የሚያደርሱት ቱቦዎች፣ የአንጀታቸው የፊትና የኋላ ክፍልም በዚሁ ቅርፊት የተለበጡ ስለሆኑ የእነዚህም ሽፋን አብሮ ተመዞ ይወጣል። መምህሩ ቅር ሳይሰኝ አመሰገነው።

መልስ 4፦ ነርስ ነች። ወላጆች ሊያነቡት ይገባል ብላ የጻፈችው፣ በረሮ ጥሎት የሚሄደው ቅርፊት ከእዳሪውና ከምራቁ ጋር ተፈጭቶ የቤት አቧራ ውስጥ ሲገባ አለርጂ እንደሚያስነሳ፣ አስም ያለበትን ልጅም እንደሚያባብስበት ነው። በረሮውን ገድሎ ከቁም ሣጥን ጀርባ የተከማቸውን ሳይጠርጉ መተው ግማሽ ሥራ መሆኑን አሳስባለች። ከጠቅላላው ውይይት ለቤት ኑሮ ቶሎ የሚጠቅመው ይህ አጭር መልስ ይመስለኛል።

መልስ 5፦ እባቡን ያመጣው አምስተኛው ነው። ያደገው ገጠር ነው፤ ልጅ ሳለ ከግቢው የድንጋይ ካብ መካከል ከቁመቱ የሚረዝም የእባብ ቆዳ ተገኝቶ እናቱ ያን ሰሞን ልጆቹን ጎረቤት አሳደሩ። በእባብ የተነደፈ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ እሳቸው ከዚያ በፊት እባብ ነድፏቸው ያውቅ ነበር። የእሱ ጥያቄ የቆዳው ርዝመት የእባቡን ርዝመት ይነግረናል ወይ የሚል ነው።

መልስ 6፦ በተሳቢ እንስሳት ላይ የሠራ ሰው ረጋ ብሎ መለሰለት። የተጣለው ቆዳ ከእባቡ ይረዝማል፤ በቅርፊቶቹ መካከል የታጠፈው ስስ ቆዳ ሲገፈፍ ይለጠጣልና። ስለዚህ ቆዳውን ለክቶ እባቡን መገመት ሁልጊዜ ያጋንናል። ወደ መነሻው ጥያቄም ተመልሶ ልዩነቱን አስቀመጠው። የበረሮው ቅርፊት ሕዋሳት ሠርተው ያነጠፉት ሽፋን እንጂ ራሱ ሕዋስ አይደለም። የእባቡ ግን ከሞቱ፣ ኬራቲን ከሞላቸው የቆዳ ሕዋሳት የተደራረበ ነው፤ ኬራቲን የእኛም ጥፍርና ፀጉር የተሠራበት ነገር ነው። እባብ አጥንቱ ውስጡ ስለሆነ ቆዳ በሚቀይርበትና በሚቀጥለው ቅያሪ መካከል ማደጉን አያቆምም፤ ነፍሳት ግን የጠነከረው አካላቸው የሚሰፋው ቅርፊት በጣሉበት ሰዓት ብቻ ነው።

ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ለጠየቅሁት ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ይህ ነውና፤ ሁለቱም አሮጌ ነገር ይጥላሉ፤ የሚጥሉት ግን አንድ ነገር አይደለም፣ የሚጥሉበትም ምክንያት የሚገጥመው በከፊል ነው።

መልስ 7 እና 8፦ ስለ እባቡ ዓይን ነው። ሰባተኛዋ መላሽ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያየችው እባብ ዓይኑ ድንገት ሰማያዊ መስሎ ደፈረሰ፤ ታወረ ብላ አዘነች። ስምንተኛው እባብ የዓይን ቆብ እንደሌለው፣ ዓይኑን የሚሸፍነው የማይንቀሳቀስ ጥርት ያለ ቅርፊት እንደሆነ ነገራት። ቆዳ የሚቀየርበት ጊዜ ሲደርስ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ፈሳሽ ስለሚገባ ዓይኑ ይደፈርሳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጠራል፤ ቆዳውም የሚወልቀው ከጠራ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን እባብ በደንብ ስለማያይ ይደበቃል፣ ቢነኩትም ቶሎ ይቆጣል። አየሩ ከመጠን በላይ ደረቅ ከሆነ ደግሞ የዓይኑ ሽፋን ሳይወልቅ ሊቀርና በቀጣዩ ጊዜ ሊደራረብበት ይችላል።

መልስ 9 እና 10፦ ዘጠነኛው ሰው አረጋዊ ናቸው፤ የወደቀ የእባብ ቆዳ ራሱ የዞረበት ወገን እባቡ የሄደበት ነው ሲሉ ጻፉ። አሥረኛው፣ አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ ከጀመረ በኋላ፣ ነገሩ ተቃራኒ መሆኑን አስረዳ። እባቡ ከንፈሩን በድንጋይ ወይም በግንድ ላይ እያሸ ቆዳውን ከአፉ ጫፍ ያስለቅቃል፤ ከዚያ ወደ ፊት እየተሳበ ሲወጣ ቆዳው እንደ ካልሲ ተገልብጦ ወደ ኋላ ይቀራል። መጀመሪያ የወለቀው የራሱ ክፍል እባቡ በተነሳበት ቦታ ይቀራል፤ መጨረሻ የሚወልቀው ጅራቱ ነው። ቆዳው ሳይነካ ከተገኘ እንግዲህ የሄደበትን ወገን የሚያሳየው ጅራቱ ነው። አረጋዊው መልሰው ጽፈው አመሰገኑት፤ ውይይቱ እስከዚህ ድረስ ሙሉ በሙሉ ጨዋ ነበር።

መልስ 11፦ የተጣለ ቆዳ መርዝ አለው ወይ የሚል አጭር ጥያቄ ነው። ስድስተኛው ሰው ተመልሶ መጣ። የእፉኝት መርዝ ያለው ከላይኛው መንጋጋ በላይ ባለው ከረጢቱ እንጂ በቆዳው አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባለው ተሕዋስ ሊተላለፍ ስለሚችል የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ቆዳውን ከመጣል በፊት በፎቶ ማስቀረትም ይጠቅማል ይላል፤ የእባቡ ቀለም በአብዛኛው ከሥር በቀረው ቆዳ ላይ ስለሆነ የተጣለው የደበዘዘ ነው፤ የቅርፊቶቹ ቅርጽ ግን ሳይጠፋ ይቀመጣል። በአገራችን ብዙ ሰው የሚነድፈው ወፍራሙ እፉኝት የጀርባ ቅርፊቶቹ እያንዳንዳቸው መሐላቸው ላይ ከፍ ያለ መስመር አላቸው፤ አይጥ እያደነ በየቤቱ ዙሪያ የሚኖረው ጉዳት የሌለው ቡናማ እባብ ግን ልሙጥ ነው።

መልስ 12፦ ነገሩ ከመስመር የወጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ወንድም ከእባብና ከበረሮ ይልቅ ስለ ንስር እንነጋገር ብሎ በየአዳራሹ የሚነገረውን ታሪክ ጻፈ። ንስር አርባ ዓመት ሲሞላው ተራራ ላይ ወጥቶ መንቁሩን በአለት ላይ ይሰብራል፤ አዲስ ሲያበቅል ጥፍሩንና ላባውን ነቃቅሎ ይጥላል፤ ከአምስት ወር በኋላ ታድሶ ሌላ ሠላሳ ዓመት ይኖራል የሚለውን።

መልስ 13፦ በሦስት መስመር ብቻ፣ ይህ ፍጹም ሐሰት ነው፤ ያስተማራችሁ ሰው ንስር አይቶ አያውቅም የሚል ነበር።

መልስ 14፦ አሥራ ሁለተኛው ሰው ተቆጥቶ፣ መጽሐፍ ቅዱስን የምትክዱ ከሆነ ውይይቱ ለአማኝ አይሆንም ብሎ ጻፈ።

መልስ 15፦ ሌላ ሰው ደግሞ ከዚህ ብሶ የሰባኪዎችን ስም እየጠራ መዝለፍ ጀመረ። ስሞቹን እዚህ አላሰፈርኩም።

መልስ 16፦ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆኑ እናት ገብተው ነገሩን አበረዱት። መዝሙሩ የሚለው የሰው ጎልማሳነት እንደ ንስር ይታደሳል ብቻ ነው፤ መንቁር ስለመስበር፣ ላባ ስለመንቀል፣ ስለ አርባ ዓመትም አንድ ቃል የለውም። ታሪኩ ከቅዱስ መጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ የመጣ ስለሆነ ማረሙ እምነትን አይነካም ብለው ጻፉ።

መልስ 17፦ የተፈጥሮውን ነገር ወፎችን የሚከታተል ሰው ጨመረበት። ንስር ላባውን የሚቀይረው ጥቂት በጥቂት ነው፤ ትልልቆቹን የክንፍ ላባዎች ጨርሶ ለመተካት ከዓመት በላይ ይወስድበታል፤ መብረር ካቆመ አያድንምና። መንቁሩ እንደ ጥፍር ሳያቋርጥ ያድጋል፤ ሲበላም ይሞረዳል። መንቁሩን ሰብሮ አምስት ወር የተቀመጠ ንስር በረኃብ ይሞታል። በዱር ሠላሳ ዓመት የሚያልፍ ንስርም ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አቋሜን መናገር አለብኝ። እርማቱ ትክክል ነው፤ 13ኛው የመለሰበት ቃል ግን ለማሳመን የሚሆን አልነበረም። ተመሳሳዩ ሐቅ በ16ኛዋና በ17ኛው ብዕር ሲመጣ አሥራ ሁለተኛው ሰው ራሱ ተቀብሎታል።

መልስ 18፦ ላባ ከተነሳ ብላ አንዲት ዶሮ አርቢ ዶሮዎቿ ላባ ሲጥሉ ለምን እንቁላል እንደሚያቆሙ ጠየቀች፤ በሽታ መስሏት ልታርዳቸው ነበር። ላባ አብዛኛው ፕሮቲን ስለሆነ ሰውነታቸው ለላባና ለእንቁላል በአንድ ጊዜ እንደማይበቃ፣ ላባው ሲሞላ መጣላቸውን እንደሚቀጥሉ 17ኛው መለሰላት። ዶሮዎቹ ተረፉ።

መልስ 19፦ በአሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖር እህት በ2021 እ.ኤ.አ. ግንቦት ያየችውን ጻፈች፤ ከሁሉ ረጅሙ መልስ የእሷ ነው። ሲካዳ የሚባሉ ጩኸታም ነፍሳት ከመሬት በታች የሥር ፈሳሽ እየመጠጡ 17 ዓመት ቆይተው በዚያ ዓመት በዋሽንግተን ዙሪያ በአንድ ጊዜ ወጡ። ከዚያ በፊት የወጡት በ2004 ነበር፤ ቀጣዩ 2038 ነው። አፈሩ ወደ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ማታ ማታ ከጉድጓዳቸው እየወጡ በየዛፉ፣ በየአጥሩና በየመኪናው ጎማ ላይ ይወጣሉ። የግቢዋ ዛፍ ላይ አንዱን በባትሪ መብራት ተከታተለችው። ጥፍሩን የዛፉ ልጥ ላይ ተክሎ ቆመ፤ ጀርባው ተሰነጠቀ፤ ከውስጥ ነጭ አካልና ሁለት ቀይ ዓይኖች ብቅ አሉ። ከራሱ በስተጀርባ ሁለት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ወደ ኋላ ተንጋልሎ በጅራቱ ጫፍ ብቻ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ከዚያ ተጠፍሮ ራሱን አነሳና በእግሩ አሮጌውን ቅርፊት ይዞ ጅራቱን መዘዘ። የተጨማደዱት ክንፎች በዓይኗ ፊት ተዘረጉ። በማግስቱ ባዶውን ቅርፊት አንስታ ወደ ውስጥ ስትመለከት ከደረቱ ግድግዳ ላይ ነጫጭ ክሮች ተንጠልጥለው አየች፤ ምን እንደሆኑ የገባት አሁን 3ኛውን መልስ ስታነብ ነው። የአየር ቱቦዎቹ ሽፋን ነበሩ። ከጎረቤቶቿ ብዙዎቹ በጥላቻ ጠርገው የጣሉትን እሷ ለልጆቿ በሣጥን አስቀምጣላቸዋለች።

መልስ 20፦ ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ክንፍ ያወጣ ነፍሳት ዳግመኛ ቅርፊት አይጥልም ብሎ በእርግጠኝነት ጻፈ።

መልስ 21፦ ወዲያው ታረመ። ከወንዝና ከሐይቅ የሚወጡት፣ ጎልማሳ ዕድሜያቸው እጅግ አጭር የሆነው የውኃ ላይ ዝንቦች ክንፍ ካወጡ በኋላ አንድ ጊዜ ይቀይራሉ፤ በዛሬዎቹ ነፍሳት ዘንድ ይህን የሚያደርጉት እነሱ ብቻ ናቸው። ለሌላው ባለክንፍ ሁሉ ግን የ20ኛው አባባል ይሠራል፤ ይህም ለአንበጣ መከላከል ትልቅ ትርጉም እንዳለው ቀጥሎ የመጣው መልስ አሳየ።

መልስ 22፦ በ2019 እና በ2020 እ.ኤ.አ. የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን ሲወር በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የሠራ የግብርና ባለሙያ ነው። ወረራው ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ ከታዩት ሁሉ የከፋ ነበር። መንጋ የሠራ ኩብኩባ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣ አንበጣ፣ አምስት የዕድገት ደረጃዎች አሉት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው ቅርፊት እየጣለ ነው። በመጨረሻው ጊዜ በሣር አገዳ ላይ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ከአንገቱ በስተጀርባ ይሰነጠቅና ክብደቱ እየሳበው ይወርዳል። ክንፉ ተዘርግቶ እስኪደርቅ ድረስ ከአገዳው አይለይም። ከዚያም በኋላ ቢሆን በደንብ የሚበር መንጋ እስኪሆን ቀናት ያስፈልጉታል። እንደ ዳይፍሉቤንዙሮን ያሉት መድኃኒቶች ካይቲን እንዳይሠራ የሚከለክሉ ናቸው፤ ኩብኩባው የነካውን ቅጠል በልቶ ይሄዳል፣ በመርዙ ወዲያው አይሞትም፤ ቅርፊት የሚቀይርበት ሰዓት ሲደርስ ግን አዲሱ አልተሠራለትምና በዚያው ይቀራል። ክንፍ ባወጣው ላይ ግን ከንቱ ነው፤ ያ ከእንግዲህ የሚጥለው ቅርፊት የለውም። ስለዚህ ኩብኩባው መሬት ላይ ሳለ የሚደርስ መረጃ መንጋው ከተነሳ በኋላ ከሚደርስ መረጃ ጋር በምንም አይተካከልም። ገበሬው ኩብኩባ አየሁ ሲል ሰምቶ ወዲያው መውጣት እንደሚገባ አጥብቆ ጽፏል፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

መልስ 23፦ አገሩ ስንት ችግር እያለበት ስለ ነፍሳት ልብስ ይህን ያህል መጻፍ ምን ይረባል የሚል ሰው መጣ።

መልስ 24፦ መልሱን የሰጡት ከብት አርቢ አባት ናቸው፤ ቃላቸው የተሳለ ነበር። መዥገር ላሞቻቸውን የጨረሰባቸው ሰው ይህ አይረባም ሊሉ አይችሉም። ከእንቁላል የወጣ መዥገር ስድስት እግር ነው፤ ደም ጠጥቶ ቅርፊት ሲጥል ስምንት እግር ይሆናል፤ እንደገና ጠጥቶ ሲጥል ጎልማሳ ይሆናል። ሰማያዊው መዥገር እነዚህን ሁለቱንም ቅያሪዎች የሚጨርሰው እዚያው አንድ ላም ላይ ተጣብቆ በሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ቀለማም ጀርባ ያለው ትልቁ መዥገር ግን በየጊዜው ወርዶ ቅርፊቱን መሬት ላይ ይጥላል፤ ከዚያ ሌላ እንስሳ ፈልጎ ይወጣል። ለመጀመሪያው ላሟን በተወሰነ ቀን እየደጋገሙ መርጨት ብዙ ይሠራል፤ ለሁለተኛው ግን ግጦሹን ሳያፈራርቁ መርጨት ብቻ አይበቃም። ይህን ሳያውቁ በመድኃኒት ያባከኑትን ገንዘብ እያሰቡ እንደሚያዝኑ ጻፉ። 23ኛው ሰው አልተመለሰም።

መልስ 25፦ አንዲት ተማሪ ነፍሳቱ ጊዜው መድረሱን በምን ያውቃል ብላ ጠየቀች። እኔ ከጠየቅሁት ይልቅ ጥልቅ ጥያቄ ነው።

መልስ 26፦ መምህሩ ተመልሶ በሰፊው ጻፈላት። እንግሊዛዊው ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮድኒየስ በሚባል ደም መጣጭ ነፍሳት ላይ ሠራ። ይህ ነፍሳት በየደረጃው አንድ ጊዜ ጠግቦ ደም ይጠጣል፤ ከጠጣም የተወሰኑ ቀናት ቆይቶ ቅርፊቱን ይጥላል። ነፍሳቱ ደም እንደ ጠጣ ሳይንቲስቱ ወዲያው ራሱን ሲቆርጠው ለረጅም ጊዜ በሕይወት ይቆያል፤ ቅርፊት ግን አይጥልም። ጥቂት ቀናት ዘግይቶ ሲቆርጠው ራስ አልባው ነፍሳት ቅርፊቱን ጣለ። ከዚያ ቀድሞ የተቆረጠውንና ዘግይቶ የተቆረጠውን ደማቸው እንዲቀላቀል አድርጎ አገናኛቸው፤ ሁለቱም ጣሉ። ትእዛዙ ከራስ ተነስቶ በደም የሚጓዝ ነገር መሆኑ በዚህ ታወቀ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ኮፔችም ከእሱ በፊት በእሳት እራት አባጨጓሬ ላይ የአንጎልን ድርሻ አሳይቶ ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. አዶልፍ ቡተናንትና ፔተር ካርልሶን የተባሉ ጀርመናውያን ቅርፊት የሚያስጥለውን ሆርሞን ኤክዳይሶንን ነጥለው አወጡ፤ 500 ኪሎ ግራም የሐር ትል ኩብ (ትሉ ወደ እሳት እራት የሚለወጥበት ደረጃ) ፈጭተው ያገኙት 25 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። ሁለተኛ ሆርሞን ደግሞ አለ፤ እሱ ሲበዛ ነፍሳቱ ቅርፊቱን ጥሎ ትልቅ ልጅ ይሆናል፤ ሲጠፋ ጎልማሳ ይሆናል።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የቼኩ ሳይንቲስት ካሬል ስላማ የሚያጠናቸውን ሌላ ዓይነት ነፍሳት ይዞ ወደ አሜሪካ ሃርቫርድ ሲሄድ ነፍሳቱ ጎልማሳ መሆን እምቢ ብለው ልጅነታቸውን እንደ ቀጠሉም መምህሩ ጨመረበት። ምክንያቱ ማሰሮአቸው ውስጥ የተነጠፈው የወረቀት ፎጣ ሆኖ ተገኘ፤ ወረቀቱ የተሠራበት የጥድ ዓይነት ዛፍ የዚያን ሆርሞን ሥራ የሚሠራ ቁስ አለው። ዛፉ ራሱን ከነፍሳት የሚከላከልበት መንገድ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል።

መልስ 27፦ ወስፋትም ቅርፊቱን እንደሚቀይር የጻፈ ሰው ነው። ክብ ትሎች ሁሉ በዕድሜያቸው አራት ጊዜ ይጥላሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. የዘር መረጃቸው ሲመረመር ትሎቹ ከነፍሳት፣ ከሸረሪትና ከሸርጣን ጋር በአንድ ትልቅ ነገድ ውስጥ ተመደቡ፤ አንድ የሚያደርጋቸውም ይኸው ቅርፊት መጣል ነው። እባብ ከእነሱ ነገድ አይደለም። በ6ኛው መልስ የተባለውን ከዘር በኩል የሚያጸና ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መልስ 28፦ በባሕረ ሰላጤው አገር በግንባታ ላይ የሚሠራ ወንድም ሌሊት ጊንጥ የሚፈልጉት አልትራቫዮሌት በሚባለው ሐምራዊ መብራት እንደሆነ፣ ጊንጥ በዚያ ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ እንደሚያበራ ነገረን። አንድ ሌሊት ግን ከሚያበራው ባዶ ቅርፊት አጠገብ የማያበራ ጊንጥ ተኝቶ ሊረግጠው ነበር። ስድስተኛው ሰው እንዳስረዳው የሚያበራው የጠነከረው ቅርፊት ነው፤ አዲስ የወጣ ጊንጥ እስኪጠነክር ድረስ አያበራም። መብራቱን ብቻ አምኖ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው ካለ ይህን ያንብብ።

መልስ 29፦ በጉሎ ቅጠል የሐር ትል የሚያረቡ ማኅበርተኞች አንዷ ትሎቿ መብላት አቁመው ራሳቸውን ቀና አድርገው እንደ ደነዘዙ፣ መታመማቸው ከሆነ ምን እንደምታደርግ ጠየቀች። ሌሎቹ በሙሉ ስለ ጊንጥ ሲያወሩ ጥያቄዋ ተረስቶ ነበር፤ እኔ አስታወስኩላቸው።

መልስ 30፦ በዘርፉ የሠለጠነ ሰው መለሰላት። ሕመም አይደለም፤ የሐር ትል አራት ጊዜ ቅርፊት ይጥላል፤ ከእያንዳንዱ በፊት አንድ ቀን ያህል እንዲህ ይተኛል። በዚያን ጊዜ እግሮቹን ከቅጠሉ ጋር በክር አስሯል፤ ካነሱት ወይም መኝታውን ካጸዱበት ከአሮጌው ቅርፊት መውጣት ያቅተዋል። ቅጠል አትጨምሪ፤ የተረፈው እንዲደርቅ አየር ይግባ፣ መኝታው ከረጠበ ጥቂት የኖራ ዱቄት ይነስነስበት። ቀድመው የነቁት ጥቂቶች ቢራቡም አብዛኞቹ እስኪወጡ ጠብቂ፤ ቀድመሽ ካበላሽ ዕድሜያቸው ይለያይና የሐር ሽፋናቸውን በአንድ ጊዜ አይሠሩም። ሲወጡ ራሳቸው ከአካላቸው ሰፋ ያለና የገረጣ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ የመጀመሪያውን ምግብ ለጋ የጉሎ ቅጠል አድርጊው ብሏታል።